መጥረጊያውን ማን ይያዝ? በሕንድ እስር ቤቶች የካስት አድልዎና የ2024ቱ ፍርድ፦ የጉዳይ ጥናት

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 3 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋዜጠኛ ሱካንያ ሻንታ አመልካች፣ የማዕከላዊው መንግሥትና በርካታ ግዛቶች ተጠሪ በሆኑበት ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ዋና ዳኛው ዲ. ዋይ. ቻንድራቹድ ከዳኞች ጄ. ቢ. ፓርዲዋላና ማኖጅ ሚስራ ጋር ተሰይመው የሰጡት ይህ ፍርድ 148 ገጽ ይፈጃል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንባቢን ቆም ብሎ ደግሞ እንዲያነብ የሚያስገድደው ዳኞቹ ከየግዛቱ የእስር ቤት ደንብ ቃል በቃል እያወጡ የጠቀሱት ክፍል ነው። ምግብ ማን ያብስል፣ ሽንት ቤት ማን ይጥረግ፣ ሌሊት ዘብ ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ በትውልድ እየተለየ በአንቀጽ ተቆጥሮ ሰፍሯል። ከደንቦቹ አንዳንዶቹ የቅኝ ግዛት ዘመን ርዝራዥ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን ታድሶና ተሻሽሎ በ2022 የወጣ ነው።

ካስት የሚባለው በትውልድ የሚወረስ፣ በጋብቻ የማይሻገር፣ ከሙያና ከሃይማኖታዊ የንጽሕና አስተሳሰብ ጋር የተቆራኘ የማኅበረሰብ እርከን ነው። ከእርከኑ በታች ተገፍተው «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት ናቸው። በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ በሙያ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ንቀት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። የሕንዱን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ንቀቱ በመንግሥት ማኅተም ሥር የሥራ መመሪያ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህም የሆነው ከማይነኩ ወገን በተወለዱት በቢ. አር. አምቤድካር ሰብሳቢነት የተረቀቀውና ከጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 «የማይነኩ» የሚለውን ልማድ በማናቸውም መልኩ ከሻረ ከሰባ ዓመታት በኋላ ነው።

ጉዳዩ አደባባይ የወጣው ሻንታ በዲሴምበር 2020 ዘ ዋየር በተባለው የዜና ድረ ገጽ ላይ ባወጣችው ረጅም የምርመራ ዘገባ ነው። ዘገባው የሚጀምረው በራጃስታን ግዛት በአልዋር እስር ቤት የገባ አንድ ወጣት ባጋጠመው ነገር ነው። ወጣቱ ገና ያልተፈረደበት የቀጠሮ እስረኛ ነበር። በር ላይ የተቀበለው ጠባቂ የተከሰሰበትን ወንጀል ከጠየቀው በኋላ ቀጥሎ የጠየቀው ካስቱን ነው። ወጣቱ ከልብስ አጣቢዎች ወገን መሆኑን ሲናገር፣ በእስር ቤቱ የሚጠብቀው የሥራ ዓይነት እዚያው በር ላይ ተቆረጠ፤ መጥረግ፣ ሽንት ቤት ማጽዳት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲሞላ ገብቶ መጥረግ። የተከሰሰበት ነገር ከባድ ይሁን ቀላል፣ በእጁ ሌላ ሙያ ይኑረው አይኑረው፣ ከቁብ የቆጠረው የለም።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የነገሩ ክብደት አይታይም። በሕንድ ሕግ ሥራ የመሥራት ግዴታ ያለበት ጽኑ እስራት የተፈረደበት እስረኛ ነው። ቀላል እስራት የተፈረደበትም ሆነ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ካልፈለገ በስተቀር ሥራ አይታዘዝም። የአገሪቱ የወንጀል መዝገቦች ቢሮ ለ2022 ባወጣው አኃዝ መሠረት ከ573,220 እስረኞች ውስጥ 75.8 በመቶው የቀጠሮ እስረኞች ነበሩ። ስለዚህ የሕጉ ከለላ የሚመለከተው አብዛኛውን እስረኛ ነው። ካስት ሲገባበት ግን ከለላው እንደሌለ ይሆናል፤ ሳይፈረድበት የሚታዘዘው ሰው ተለይቶ የሚታወቀው በትውልዱ ነውና።

ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ የራጃስታን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ አነሳሽነት ያዘ። የግዛቱ የ1951 ደንብ ወጥ ቤት የሚመደበው ብራህሚን (ከእርከኑ አናት ያለው የካህናት ካስት) ወይም በቂ የካስት ከፍታ ያለው ሂንዱ እንዲሆን፣ ጠራጊው ደግሞ ከእስር ቤት ውጭ ሳለ በአካባቢው ልማድ የጠራጊነት ሥራ ከሚሠራ ወገን እንዲመረጥ ያዝዝ ነበር። ደንቡ በ2021 ተሻሻለ። ሰባ ዓመት የቆየ አንቀጽ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊሰረዝ መቻሉ ችግሩ የአቅም ወይም የገንዘብ እንዳልነበረ ያሳያል፤ ዞር ብሎ ደንቡን ያነበበው ሰው አልነበረም። ጋዜጠኛዋም ነገሩ በአንድ ግዛት እንዳይቀር በ2023 መጨረሻ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታ አቀረበች፤ ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2024 ተጠሪዎቹ መልስ እንዲሰጡ አዘዘ። በችሎት ከተከራከሩላት ጠበቆች አንዱ የኦዲሻ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት ኤስ. ሙራሊዳር ናቸው።

ደንቦቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የምዕራብ ቤንጋል የእስር ቤት ደንብ አንቀጽ 741 ምግብ «ተስማሚ ካስት» ባላቸው እስረኛ ወጥ ቤቶች ተበስሎ ወደየክፍሉ እንዲወሰድ ያዛል። አንቀጽ 793 ደግሞ ጠራጊዎች ከመህታር ወይም ከሃሪ ካስት እንዲመረጡ፣ የአውራጃው ልማድ ከሆነም ከቻንዳልና ከመሰል ወገኖች እንዲወሰዱ በስም እየጠራ ይዘረዝራል፤ ከሌላ ካስት የሆነ ሰው ጠራጊ የሚሆነው በፈቃዱ ልሥራ ካለ ብቻ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ የማይጠየቀውም ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። አንቀጽ 1117 ካስቱ እጅግ ከፍ ያለ ከመሆኑ የተነሣ ያሉት ወጥ ቤቶች ያበሰሉትን መብላት የማይችል እስረኛ ቢገኝ እርሱ ራሱ ወጥ ቤት ሆኖ ለሁሉም እንዲያበስል ይደነግጋል። ይህን ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ወጥ ቤት በእስር ቤት ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ቦታ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ከእሳቱ አጠገብ ያለ ሰው አይራብም፣ ብርድ አይመታውም፣ ከጠባቂዎች ጋርም ይግባባል። የንጽሕና ጥያቄ የሚመስለው ነገር የእንጀራ ጥያቄም ነው።

የማድያ ፕራዴሽ የ1987 ደንብ ከዚህም ይብሳል። አንቀጽ 36 እስረኞች በሰዓቱ ተሰልፈው ወደ ሽንት ቤት ሲገቡ በየሽንት ቤቱ የተመደበው መህታር በቦታው እንዲገኝ ያዛል። ከተጠቀመ በኋላ ሰገራውን በደረቅ አፈር ያልሸፈነ እስረኛ ካየ መህታሩ ለአለቃው ይጠቁማል፤ ከዚያም የትንንሾቹን ማስቀመጫዎች ይዘት ወደ ትልቁ የብረት በርሜል ገልብጦ፣ አጥቦ፣ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። መህታር የሥራ መጠሪያ እንዳይመስል፤ የካስት ስም ነው። ሰገራ በእጅ ማንሳትን የሚከለክል አዋጅ በ1993 ወጥቶ በ2013 በጠነከረ ሕግ ተተክቶ ሳለ፣ ይህ አንቀጽ በመንግሥት ግቢ ውስጥ ይሠራበት ዘንድ ተጽፎ ቆይቷል።

የ2022ቱ የኡታር ፕራዴሽ ደንብ ቋንቋው ለስለስ ያለ ነው፤ መርዙ ያለውም እዚያው ላይ ነው። አንቀጽ 289 ቀላል እስራት የተፈረደበት ሰው ዝቅተኛ ወይም አዋራጅ ሥራ እንዳይታዘዝ ይከለክልና፣ እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት «ከለመደ» መደብ ወይም ማኅበረሰብ የመጣ ካልሆነ በስተቀር የሚል ልዩ ሁኔታ ያክላል። የካስት ስም የለበትም። ዳሊት የሚለው ቃልም የለበትም። ሆኖም ለአንዱ ታራሚ ውርደት የሆነው ሥራ ለሌላው ተፈጥሮው እንደሆነ አድርጎ ያስቀምጣል። ግዛቱም መልሱን ሲያቀርብ በእስር ቤቶቹ አድልዎ እንደሌለ ተከራክሯል። አንቀጹን ያዘጋጀው ባለሥልጣን ምናልባት ከአሮጌው መጽሐፍ ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ልብ አላለውም ይሆናል። ይህ ግን ማስተባበያ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ልብ ሳይባል ሊገለበጥ የቻለው አስተሳሰቡ ከገልባጩ ጋር ስላልተጋጨ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ለሚለው፣ የእንግሊዞችን ጥፋት ብቻ መቁጠር ቀላል ቢሆንም ታሪኩ ከዚያ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። በ1840ዎቹ በቤንጋል አስተዳደር ሥር በነበሩ እስር ቤቶች፣ ቀድሞ እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው ያበስል የነበረው ቀርቶ በማኅበር የሚበስል ምግብ እንዲበላ ሲታዘዝ በየቦታው ተቃውሞ ተነሣ። በ1855 ደግሞ በቢሃር በአራህና በሙዛፋርፑር እስር ቤቶች ሎታ የተባለችው የነሐስ ውኃ መያዣ ተወስዳ በሸክላ ስትተካ ሁከት ፈነዳ። ባለሥልጣናቱ ነሐሱን የሰበሰቡት እስረኛ እንደ መሣሪያ እንዳይጠቀምበት ብለው ነበር፤ እስረኞቹ ግን ነሐስ ቢረክስ ተፈግፍጎ እንደሚነጻ፣ ሸክላ ግን አንዴ ከረከሰ እንደማይነጻ ያምኑ ነበርና ትእዛዙን ካስታቸውን ለማጥፋት እንደተጠነሰሰ ሴራ ቆጠሩት። የከተማው ሕዝብም አገዛቸው። ከዚያ ወዲህ የቅኝ ገዥው አስተዳደር ጸጥታን በመምረጥ የበላዮቹን ካስቶች ስሜት የሚጠብቅ ደንብ መጻፍ ጀመረ። ዋጋውን የከፈለው ሎታ ያልነበረው፣ በከተማው ሕዝብም ያልተደገፈው የበታቹ እስረኛ ነው። ለበላዩ የሃይማኖት አክብሮት ተብሎ የተጻፈው አንቀጽ ለእርሱ የግዳጅ ሥራ ትእዛዝ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የ1894ቱ የእስር ቤቶች አዋጅም ሆነ በእርሱ ላይ የተገነቡት የግዛት ደንቦች ሲወራረሱ ኖሩ።

የዘላን ማኅበረሰቦች ጉዳይ የዚሁ ታሪክ ሌላ ክንፍ ነው። በ1871 የወጣው የወንጀለኛ ጎሣዎች አዋጅ ሰዎችን በፈጸሙት ድርጊት ፈንታ በተወለዱበት ጎሣ ወንጀለኛ ብሎ ይመዘግብ ነበር፤ አዋጁ በ1952 ተሽሮ ጎሣዎቹ ከመዝገቡ ተሰረዙ። የምዕራብ ቤንጋሉ ደንብ አንቀጽ 404 ግን ለሌሊት ዘብ የሚመደብ እስረኛ «የመኮብለል ብርቱ የተፈጥሮ ዝንባሌ» ካለው መደብ፣ ለምሳሌ ከዘላን ጎሣዎች፣ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። በሌሎች ግዛቶች ደግሞ ልማደኛ ወንጀለኛ የሚለው ትርጉም ሰፍቶ፣ አንዴም ሳይፈረድበት በጎሣው የተነሣ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ይፈጠር ነበር። ፍርድ ቤቱ ለዚህ ክፍል ብዙ ገጽ ሰጥቶታል፤ ፖሊስ እነዚህን ማኅበረሰቦች በዘፈቀደ ከመያዝ እንዲቆጠብም በትእዛዙ አካትቷል።

ከሕግ አንጻር ሳየው በጉዳዩ ውስጥ በጣም የሚፈትነኝ በታሚል ናዱ የሚገኘው የፓላያምኮታይ ማዕከላዊ እስር ቤት ነው። እዚያ ቴቫር፣ ናዳርና ፓላር የተባሉት ካስቶች በየተለያየ ክፍል ይቀመጡ ነበር። ነገሩን የሚቃወም አቤቱታ ቀደም ሲል ለማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ግዛቱ በአካባቢው በካስቶች መካከል የሚነሣው ግጭት ወደ ውስጥ ገብቶ ደም እንዳያፋስስ ነው የለየናቸው ብሎ ሲመልስ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ተቀብሎታል። ይህን ክርክር በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። የእስር ቤት ኃላፊ ሌሊት የሚያሳስበው ማን ማንን ይወጋል የሚለው እንጂ አድልዎን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ትርጓሜ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን አልተስማማም። እስረኞችን በካስት መለየት ጥላቻውን ያጠነክረዋል፤ ሥርዓት ማስጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ሲሆን፣ ግዴታውን ሕገ መንግሥቱን በማይጻረር መንገድ መወጣት አለበት አለ። ጠብ ያለባቸውን ግለሰቦች በጠባቸው ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላልና ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም በተጨናነቀና ጠባቂ ባነሰው ግቢ እንዴት እንደሚፈጸም ፍርዱ በቂ መንገድ አላሳየም።

የፍርዱ ዋና ሐተታ በአምስት የሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ላይ ቆሟል፤ እኩልነት (14)፣ አድልዎን መከልከል (15)፣ የማይነኩ ልማድ መሻር (17)፣ ሕይወትና ክብር (21)፣ እንዲሁም የግዳጅ ሥራ ክልከላ (23)። ፍርድ ቤቱ ካስትን መሠረት ያደረገ ልዩነት ተቀባይነት የሚያገኘው የካስት አድልዎ ሰለባ ለሆኑት ጥቅም ሲባል ብቻ እንደሆነ ገልጿል። «ጠራጊ መደብ» ሆኖ የሚወለድ የማኅበረሰብ ክፍል የለም ብሏል። መንግሥት ራሱ ሲያዳላ ደግሞ አድልዎውን የከፋ እንደሚያደርገው አስምሮበታል፤ መከላከል የነበረበት እርሱ ነበርና። ከሁሉ ይበልጥ ሩቅ የሚሄደው የአንቀጽ 23 ክፍል ነው። ለበታች ካስቶች ብቻ ርኩስ የተባለውን ሥራ መስጠት የግዳጅ ሥራ ነው የሚለው ድምዳሜ፣ ጉዳዩን ከስሜትና ከክብር ጥያቄነት አውጥቶ የጉልበት ብዝበዛ ጥያቄ ያደርገዋል።

ትእዛዞቹ ጥርት ያሉ ናቸው። የተጠቀሱት አንቀጾች ተሽረው፣ ግዛቶች በሦስት ወር ውስጥ ደንቦቻቸውን እንዲያስተካክሉ፣ ማዕከላዊው መንግሥትም ግዛቶች አርአያ እንዲያደርጓቸው ያወጣቸውን የ2016ቱን ሞዴል የእስር ቤት መመሪያና የ2023ቱን ሞዴል የእስር ቤት ሕግ በዚያው ጊዜ እንዲያሻሽል ተወሰነ። የየአውራጃው የሕግ ድጋፍ ባለሥልጣንና የእስር ቤት ጎብኚዎች ቦርድ በጋራ እየተዘዋወሩ እንዲመረምሩ፣ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን በራሱ መዝገብ ከፍቶ አፈጻጸሙን እንዲከታተል ተባለ። በእስረኞች መዝገብ ላይ ያለው የካስት ዓምድም እንዲሰረዝ ታዘዘ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ አከራካሪ ነው። በር ላይ ያለው ጠባቂ «ካስትህ?» ብሎ የሚጠይቅበትን ሰበብ ያሳጣዋል። በሌላ በኩል በሕንድ እስር ቤቶች ዳሊቶችና ነባር ጎሣዎች ከሕዝብ ብዛታቸው በላይ ታስረው እንደሚገኙ የሚታወቀው መንግሥት በካስት ከፋፍሎ በሚያወጣው አኃዝ ነው፤ ዓምዱ ከጠፋ በደሉን የምንለካበት ሚዛን አብሮ ይጠፋል የሚል ስጋት ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ቆየት ብሎ ትእዛዙ የወንጀል መዝገቦች ቢሮ የሚሰበስበውን አኃዝ እንደማይነካ ግልጽ አደረገ። በእኔ እምነት የተሻለው መንገድ መረጃውን ሥራ ከሚመድበው ሰው እጅ አርቆ ለስታቲስቲክስ ብቻ መያዝ ነው። ጠባቂው በስም፣ በአያት ስም፣ በመንደርና በአነጋገር ካስትን ያለ ዓምድ ይገምታልና፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዓምድ መሰረዝ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ሁለቱን ሞዴል ሰነዶች አሻሻለ። በ2023ቱ ሞዴል ሕግ ላይ 55(ሀ) ሆኖ የተጨመረው አንቀጽ በእስር ቤቶች በካስት መለየትን፣ በተለይም በሥራ አመዳደብ ማዳላትን ይከለክላል፤ ሰገራ በእጅ ማንሳትን የሚከለክለው የ2013 አዋጅም በእስር ቤቶች እንደሚጸና በማያሻማ ቋንቋ ተገልጿል። ሞዴል ሕጉ በ2023 ሲወጣ ይህ አንቀጽ አልነበረበትም፤ የ2016ቱ መመሪያ ግን በካስት ላይ የተመሠረተ የወጥ ቤት አስተዳደርን ቀድሞ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ማዕከሉ ችግሩን አላወቀም ሊባል አይችልም።

ችግሩ እስር ቤት በሕንድ ሕገ መንግሥት የግዛቶች ሥልጣን መሆኑ ነው። ከዴልሂ የሚወጣ ሞዴል፣ ግዛቱ በራሱ ምክር ቤት ካላጸደቀው በስተቀር፣ ምክር ከመሆን አያልፍም። ግዛቱ ቢያጸድቀውም የሥራ ድልድሉን የሚጽፈው በየግቢው ያለ የበታች ሹም ነው፤ ብዙውን ጊዜም ድልድሉን ለእስረኛ አለቃ ይተወዋል። በዚያ ደረጃ የተሻሩት አንቀጾች ቢነበቡም ባይነበቡም ልማዱ ይሠራል። እንግዲህ የጋራ መርማሪዎቹ ጉብኝት ፋይዳ የሚኖረው እስረኞችን ሰብስበው አድልዎ አለ ወይ ብለው ከመጠየቅ አልፈው፣ የሦስት ወይም የስድስት ወር የሥራ ድልድል መዝገብ ሲጠይቁ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወጥ ቤት የተመደቡት እነማን ናቸው? ሽንት ቤት ያጸዱትስ? ተራው ይዞራል ወይስ ከተመሳሳይ ሰዎች አይወጣም? ከአጽጂዎቹ ስንቶቹ ሊታዘዙ የማይገባቸው የቀጠሮ እስረኞች ናቸው? ለጽዳት ሥራ የተከፈለው ክፍያና የተቆጠረው አመክሮስ በማን ስም ተመዝግቧል? የፍሳሽ ጉድጓድ ሲሞላ ማሽን የተጠራበት ደረሰኝ አለ? እንዲህ ያለ መዝገብ በማይገኝበት ግቢ ደግሞ መርማሪዎቹ መዝገቡ አለመኖሩን ራሱን ጥፋት አድርገው ለብሔራዊው የሕግ አገልግሎት ባለሥልጣን በሚላከው ሪፖርት ላይ ማስፈር ይኖርባቸዋል።